ፊላደልፊያ ያልሸጠው ቴተም፦ ስለ 2017ቱ ልውውጥ የተሰጠ ምላሽ

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚለውን ተረት በአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ማስረዳት የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠቅሰው አንድ ልውውጥ አለ። በሰኔ 2017 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቦስተን ሴልቲክስ በእጁ የነበረውን የድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚወስዱበት ሥርዓት) አንደኛ ምርጫ ለፊላደልፊያ ሴቨንቲሲክሰርስ ለቀቀለት፤ በምትኩ ሦስተኛውን ምርጫና ወደፊት የሚከፈል አንድ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ተቀበለ። ፊላደልፊያ በአንደኛው ማርኬል ፉልትዝን ወሰደ፤ ቦስተን በሦስተኛው ጄሰን ቴተምን። ፉልትዝ ለፊላደልፊያ 33 የመደበኛ ውድድር ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ተሸኘ፤ ቴተም በ2024 ከቦስተን ጋር የሻምፒዮንነት ዋንጫ አነሣ። ፍርዱም ከዚሁ ተቀዳ፦ ፊላደልፊያ ቴተምን አሳልፎ ሰጠ፣ ጭራሽ ምርቃት ጨመረበት፤ የቦስተኑ ኃላፊ ዳኒ ኤይንጅ ሊቅ፣ የፊላደልፊያው ኃላፊ ብራያን ኮላንጀሎ ተላላ።

ይህ ፍርድ ከመደጋገሙ የተነሣ ማንም የማይፈትሸው ሆኗል። ሲፈትሹት ግን ሁለቱ ግማሾቹ አብረው አይቆሙም።

ኤይንጅ ከልውውጡ በኋላ በአደባባይ እንደተናገረው፣ ቦስተን በሦስተኛ የሚወስደው ልጅ አንደኛ ላይ ቢቆይም ሊወስደው ይችል የነበረው ያው ልጅ ነው። ሊቅ ነው የሚሉት ወገኖች ዋና ማስረጃቸው ይህ ነው። እሺ፣ ቃሉን እንመን። እንግዲያው ልውውጡ ባይደረግ ቦስተን በአንደኛው ቴተምን ይወስድ ነበር። ሁለተኛ የነበረው ሎስ አንጀለስ ሌከርስ፣ ያን ጊዜ ሁሉም እንደሚጠብቀው ሎንዞ ቦልን፣ ወይም ሐሳቡን ቀይሮ ፉልትዝን ያነሣል። ሦስተኛ ላይ ለቆመው ፊላደልፊያ የሚተርፉት ከሁለቱ አንዱና ሌሎች ናቸው፤ ቴተም ግን ከመካከላቸው የለም። በእጁ ሊገባ የማይችለውን ሰው አሳልፎ ሰጠ ተብሎ የሚከሰስ ቡድን አላውቅም።

ቃሉን ባናምንስ? ቦስተን በአንደኛው ፉልትዝን ሊወስድ ነበር እንበል። ያኔ በእርግጥ ቴተም ለፊላደልፊያ ክፍት ይሆን ነበር፤ ሌላው የዚያ ዓመት ዕጩ ጆሽ ጃክሰንም እንዲሁ። ግን እንዲህ ከሆነ ቦስተንን ከፉልትዝ ያዳነው የኤይንጅ ዐይን ሳይሆን የፊላደልፊያ ገዢ ሆኖ መምጣት ነው። ስለዚህ ወይ ኤይንጅ ሊቅ ነው፣ ያን ጊዜ ፊላደልፊያ ቴተምን አልሸጠም፤ ወይ ፊላደልፊያ ቴተምን ሸጧል፣ ያን ጊዜ ኤይንጅ ዕድለኛ እንጂ ሊቅ አይደለም። ሁለቱንም በአንድ እስትንፋስ መናገር አይቻልም። በነገራችን ላይ ኤይንጅ ጃክሰንን ለመፈተን ሳክራሜንቶ ድረስ ሄዶ ልጁ ፈተናውን እንደሰረዘበት ራሱ ተናግሯል፤ ያ ፈተና ቢካሄድ ኖሮ ቦስተን ማንን ይወስድ እንደነበር ማን በእርግጠኝነት ይናገራል?

ልውውጡ ወደተደረገበት ሰሞን እንመለስ። ፊላደልፊያ በቀድሞው ሥራ አስኪያጅ በሳም ሂንኪ ዘመን ተጀምሮ «ሂደቱ» በሚባለው መንገድ፣ ከፍ ያለ ምርጫ ለማግኘት ብሎ ሽንፈትን ተሸክሞ የከረመ ቡድን ነበር። በአራት የውድድር ዓመት 75 ጊዜ አሸንፎ 253 ጊዜ ተሸንፏል፤ በ2015-16 ብቻ 72 ሽንፈት። ከዚያ ሁሉ መከራ የተረፉት ጆኤል ኤምቢድና ቤን ሲመንስ ነበሩ። ሲመንስ ከሩቅ አይተኩስም። ኳስ የሚይዝ፣ ከሩቅ የሚያስቆጥርና ለራሱ ቦታ የሚፈጥር ተጫዋች ያስፈልግ ነበር። ፉልትዝ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በጨዋታ 23.2 ነጥብና 5.9 ለግብ የተመቻቸ ኳስ፣ ከሦስት ነጥብ መስመር ደግሞ 41.3 በመቶ ነበረው። የዓመቱ ምርጥ ወጣት እሱ ነው የሚለው ግምት የአብዛኛው ሰው ነበር። ዛሬ «ለማንም ግልጽ ነበር» የሚለው አብዛኛው ጸሐፊ ያን ጊዜ ፉልትዝን አንደኛ ያደረገው ያው ሰው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ጆናታን ባሮንና ጆን ኸርሺ በ1988 ባሳተሙት ጥናት ለተሳታፊዎቻቸው የሐኪም ውሳኔ ታሪኮች አቀረቡ። ውሳኔው አንድ፣ ሐኪሙ በጊዜው የሚያውቀውም አንድ፤ የሚለየው መጨረሻ ላይ በሽተኛው መዳኑ ወይም አለመዳኑ ብቻ ነበር። ሳይሳካ ሲቀር ሰዎቹ ውሳኔውን ራሱን አሳንሰው መዘኑት። በፊላደልፊያ ላይ የተደረገው ከዚህ አይለይም። በግንቦት 2023 ቴተም በጥሎ ማለፉ ሰባተኛ ጨዋታ በዚያው በፊላደልፊያ ላይ 51 ነጥብ ሲያስቆጥር፣ የ2017ቱ ፍርድ በዚያ ምሽት እንደ አዲስ ተጻፈ፤ 51ዱ ነጥብ ግን በ2017 ጠረጴዛ ላይ አልነበረም።

በጠረጴዛው ላይ ያልነበረው ሌላው ነገር የፉልትዝ ትከሻ ነው። ልጁ በመጀመሪያው ዓመት አራት ጨዋታ እንደተጫወተ አረፈ፤ ሲመለስ መጋቢት ሊያልቅ ነበር። በሚያዝያ 2018 ሚልዋኪ ላይ በነጥብ፣ በኳስ ማቀበልና በሪባውንድ ሁለት አሃዝ በመድረስ በሊጉ ታሪክ እስከዚያ ድረስ በዕድሜ ትንሹ ሆነ፤ ሰው ተስፋ አደረገ። በኅዳር 2018 ግን ከማያሚ ጋር በነበረው ጨዋታ ነጻ ውርወራ ሊወረውር ቆመ። ማንም አልተጋፋውም፣ ማንም እጁን አላነሣበትም። ኳሱን ወደ ላይ አነሣ፣ ሊለቅ ሲል ክንዱ አየር ላይ ቆም አለ፣ ኳሱን መልሶ እንደመጨበጥ ብሎ ከዚያ ወረወረው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ የሠራውን እንቅስቃሴ ሰውነቱ የረሳው ይመስል ነበር። በታኅሣሥ ሐኪሞች በአንገትና በትከሻ መካከል ያሉ ነርቮች የሚታፈኑበት ሕመም እንዳለበት ገለጹ። ይህ ከመመረጡ በፊት ያልተነገረ፣ ከተመረጠም በኋላ ለመታወቅ ከዓመት በላይ የፈጀ ነገር ነው። ተንታኙ በዚህ ኮላንጀሎን ሲወቅስ ሐኪሞቹ ራሳቸው ዘግይተው ያገኙትን አስቀድሞ እንዲያይ እየጠየቀው ነው።

አሁን ወደ ዋጋው። ከሦስተኛ ወደ አንደኛ ለመውጣት የተከፈለው ስንት ነው? በ1993 ጎልደን ስቴት ከኦርላንዶ ጋር ሲደራደር ይህንኑ ርቀት የገዛው ሦስተኛ ተመራጩን ፔኒ ሃርዳዌይንና ሦስት የወደፊት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎችን ሰጥቶ ነው፤ ያገኘው ክሪስ ዌበርን። ፊላደልፊያ ከሦስተኛው በላይ የከፈለው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በአጥር የተከበበ። በፊላደልፊያ እጅ የነበረው የሌከርስ የ2018 ምርጫ ከሁለተኛ እስከ አምስተኛ ከወደቀ ለቦስተን ይሄዳል፤ ካልሆነ ከሳክራሜንቶና ከራሱ ከፊላደልፊያ የ2019 ምርጫዎች የተሻለው፣ አንደኛ እስካልሆነ ድረስ። የሌከርስ አሥረኛ ወጣ፣ በፊላደልፊያ እጅ ቀረ። የሳክራሜንቶው 14ኛ ሆኖ ለቦስተን ደረሰ፤ ቦስተን ሮሚዮ ላንግፎርድን ወሰደበት። ያ የሳክራሜንቶ ምርጫ ደግሞ ፊላደልፊያ በ2015 የሳክራሜንቶን ከባድ ደመወዝ ተቀብሎለት ከሞላ ጎደል በነጻ ያገኘው ነው፤ ፊላደልፊያ በ2017 ከአምስተኛ ወደ ሦስተኛ የወጣውም በዚያው ስምምነት በተሰጠው የመለዋወጥ መብት ነው። ይህን ከመዘንን በኋላ «ቤቱን ሸጠ» ማለት የቁጥር ንባብ አይደለም።

የተቃራኒው ወገን እዚህ ላይ የሚያነሣው ጠንካራ ነጥብ አለ፤ እኔም አልሸሸውም። ላንግፎርድ በየካቲት 2022 ወደ ሳን አንቶኒዮ ሲሄድ ከተላኩት አንዱ ነበር፤ ቦስተን በዚያ ልውውጥ ያገኘው ዴሪክ ዋይትን ነው፤ ያለ ዋይት የ2024ቱን ዋንጫ ማሰብ ይቸግራል። ስለዚህ 14ኛው ምርጫ ከ14ኛ በላይ አፈራ ይሉናል። መልካም፤ ሰንሰለት መቁጠር ከተጀመረ ግን በሁለቱም በኩል ይቆጠር። ፊላደልፊያ ፉልትዝን በየካቲት 2019 ለኦርላንዶ ሲሰጥ ጆናተን ሲመንስንና ከኦክላሆማ ሲቲ የመጣ የ2020 የመጀመሪያ ዙር ምርጫ፣ በላዩም የሁለተኛ ዙር ምርጫ ተቀብሏል። የመጀመሪያ ዙሩ 21ኛ ሆነ። በ21ኛው ፊላደልፊያ ታይሪስ ማክሲን ወሰደ። ማክሲ በ2024 የሊጉ ከፍተኛ መሻሻል ያሳየ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ፣ በዚያው ዓመት የኮከቦች ጨዋታ ላይ ተሰለፈ። ይህንን ለኮላንጀሎ ሙያ ልቆጥርለት አልፈልግም፤ በ2018 በሌላ ጉዳይ ሥራውን ለቅቆ ነበር። ግን መልካሙ ለእሱ የማይቆጠር ከሆነ ሕመሙ ለምን ይቆጠርበታል?

ታዲያ ፊላደልፊያ አንዳች ጥፋት የለበትም ወይ? አለበት፤ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ ሲጽፍ ያስረዳው፣ ሻጭ ከገዢ የበለጠ በሚያውቅበት ገበያ መሸጡ ራሱ መረጃ መሆኑን ነው። ቦስተን ያን ዓመት በምሥራቁ አንደኛ ሆኖ የጨረሰ፣ እንደ ፉልትዝ ያለ ተጫዋች የማይጠላ ቡድን ነበር፤ እሱንም አቅርቦ አይቶታል። ሰው ሁሉ አንደኛ ያለውን ልጅ በአንድ ምድብ ላለ ተፎካካሪ አሳልፎ ለመስጠት ፈቃደኛ ሲሆን፣ «ይሄ ሰው ምን አይቶ ነው?» ተብሎ መጠየቅ ነበረበት። ምልክትም አልጠፋም። ከሩቅ 41.3 በመቶ የሚያስቆጥር ልጅ ከነጻ ውርወራ 64.9 በመቶ ብቻ ነበር፤ የነጻ ውርወራ ቁጥር ደግሞ ስለ ወጣት ተኳሽ ብዙ ጊዜ ከሦስት ነጥቡ ይልቅ እውነት ይናገራል። ኬድ ማሲና ሪቻርድ ቴለር ስለ አሜሪካ ፉትቦል ድራፍት ባጠኑት ውስጥ ቡድኖች ከላይ ላለው ምርጫ ከሚገባው በላይ እንደሚከፍሉ አሳይተዋል። ግኝቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ቅርጫት ኳስ አይዛወርም፣ አምስት ሰው በሚጫወትበት ሜዳ አንድ ኮከብ የሚያመጣው ለውጥ ሌላ ነውና፤ የሚያስጠነቅቀው ግን አለ፦ ገዢ በራሱ ዐይን ከሚገባው በላይ ይተማመናል።

በእኔ ሚዛን ከ2017ቱ ይልቅ የሚያሳፍረው የ2018ቱ ነው። ያ በአጥሩ ምክንያት የተረፈው የሌከርስ አሥረኛ ምርጫ ሚካል ብሪጅስን አስገኘ፤ እናቱ በዚያው በፊላደልፊያ ቡድን ድርጅት ውስጥ ትሠራ የነበረችው የቪላኖቫ ዩኒቨርሲቲ ልጅ። በዚያው ምሽት ለፊኒክስ ተሰጠ፤ የተገኘው 16ኛ ተመራጩ ዜየር ስሚዝና የማያሚ የ2021 ምርጫ ነው። ብሪጅስ በዓመታት ውስጥ አንድም ጨዋታ ሳያመልጠው ከሊጉ ጠንካራ ተከላካዮች አንዱ ሆነ፤ ስሚዝ ለፊላደልፊያ የተጫወተው ከ15 ጨዋታ አይበልጥም። እዚህ ላይ የቦስተን ሊቅነት የለም፣ የትከሻ ሕመምም የለም፤ ስሕተቱ የራስ ነው። ይሁን እንጂ በፊላደልፊያ ታሪክ ላይ የሚጻፈው ነቀፋ አብዛኛው ወደ ፉልትዝ ይሮጣል፣ ታሪኩ አጭርና አሳዛኝ ስለሆነ።

ፊላደልፊያን መክሰስ የሚፈልግ ሰው ክሱን ያሻሽል፦ ሻጩ ለምን እንደሚሸጥ ሳይመረምር ገዝቷል፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በእጁ ያለውን ለቅቋል ይበል። ቴተምን ሸጠ አይበል። ለፉልትዝ የተከፈለው ጭማሪ አንድ 14ኛ ምርጫ ነበር፤ በፉልትዝ መውጣት የተገኘው ማክሲ ግን ዛሬም የፊላደልፊያን ማሊያ ለብሶ ይጫወታል።