ሞተሩ እየዞረ አልነሣ ሲል



ከአቡ ዳቢም ሆነ ከአል ዓይን ተነሥታችሁ በሲር ባኒ ያስ ደሴት የሚገኘውን የጥንት ገዳም ፍርስራሽ ለማየት የሄዳችሁ ሁሉ፣ መንገዱ በየብስ እንደማያልቅ ታውቃላችሁ። በ1992 እ.ኤ.አ. የተገኘው ያ ስፍራ ከጀበል ዳና በጀልባ የሚደረስ ነው። ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ስትመለሱም ከባሕር ዳር ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ የሚያደርሳችሁ ጀልባ ነው። በመካከላችንም ጀልባ እየነዱና እየጠገኑ የሚተዳደሩ ወንድሞች አሉ። ስለዚህ በዚህ እትም ስለ ጀልባ ሞተር የኤሌክትሪክ እሳት ጥቂት ልንላችሁ ወደድን።

የምንናገረው በጀልባው ሆድ ውስጥ ተተክሎ በቤንዚን ስለሚሠራው ሞተር ነው። በናፍጣ የሚሠራው ካንዴላ ስለሌለው ይህ ነገር አይመለከተውም።

ከሁሉ አስቀድሞ አፍንጫችሁን እመኑ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ጀልባው ወለል ወርዶ በዚያ ይተኛል። የመኪናን ትነት ነፋስ ይወስደዋል፤ ጀልባ ግን እንደ ድስት የገባበትን ይዞ ይቀራል። ቁልፉን ሳትነኩ የሞተሩን ክፍል ከፍታችሁ አሽትቱ። ሽታ ካለ ምንጩ ተገኝቶ እስኪጠፋ ድረስ አንዳች የኤሌክትሪክ ነገር አይነካ። ሽታ ከሌለም አየር ማስወጫውን ማራገቢያ ቢያንስ 4 ደቂቃ አሠርታችሁ ዳግመኛ አሽትቱ። በዚህ ነገር ችኮላ ሕይወት ያስከፍላል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ሞተሩ ይዞራል ወይስ አይዞርም የሚለው ነው። ካልዞረ ባትሪውን፣ ሞተሪኖውን፣ ማርሽ ገብቶ ሳለ እንዳይነሣ የሚከለክለውንም ማብሪያ ተመልከቱ። እየዞረ ካልተነሣ ግን በመጀመሪያ ከነጂው ጋር የሚታሰረውን የማጥፊያ ገመድ እዩ፤ ከቦታው ወጥቶ ከሆነ በብዙ ጀልባዎች ላይ ሞተሩ ይዞራል እንጂ እሳት አያገኝም። ቦቢና ሲፈታና ሲታሰር ውሎ ጥፋቱ የዚህች ገመድ ሆኖ ሲገኝ ማየት ያሳዝናል።

ከዚያ በኋላ የኤሌክትሪኩን መንገድ ከምንጩ ተከተሉ። የሞላ ባትሪ ሥራ ሳይጀምር 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ሞተሪኖው ሲያዞር ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ደክሟል ማለት ነው። ቁልፉ በርቶ በቦቢናው ፖዘቲቭ ጫፍ ላይ ምንም ቮልት ከሌለ ጥፋቱ ከቦቢናው በፊት ነው፤ ቁልፉን፣ ፊውዙን፣ ከሞተሩ ወደ ነጂው ሰሌዳ የሚሄደው የሽቦ ጥቅል የሚጋጠምበትንም ሶኬት መርምሩ። ፑንቲና ባላቸው የቆዩ ሞተሮች በዚያ ቦታ ከ12 ቮልት ያነሰ ብታገኙ አትደንግጡ፤ መቀነሻ ስላላቸው ነው። ቮልቱ ደርሶ ከቦቢናው እሳት ካልወጣ ፑንቲናውን፣ ኮንደንሰሩንና ራሱን ቦቢናውን፤ ከቦቢናው ወጥቶ ወደ ካንዴላዎቹ ካልደረሰ የዲስትሪቡተሩን ክዳንና በውስጡ የሚዞረውን ሮተር ጠርጥሩ። እሳቱ ሲፈተን መሞከሪያው ከማሳ ጋር በሚገባ ይያያዝ። ጤነኛ እሳት ሰማያዊ ሆኖ ጧ ይላል፤ ቢጫና ደካማ ከሆነ አትቀበሉት።

በጣና ላይ ሙያውን የለመደ ወንድም እዚህ ሲመጣ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። የጣና ውኃ ጨው የለበትም፤ የአቡ ዳቢ ባሕር ግን፣ በተለይ በበጋው ወበቅ፣ በየሽቦው መጋጠሚያ ገብቶ መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል። እንዲህ ያለው መጋጠሚያ ሥራ ሳይኖርበት ሲለካ 12 ቮልት እያሳየ ያታልላል፤ ኤሌክትሪክ በብዛት ሊያልፍበት ሲል ግን ይከዳል። ስለዚህ መለኪያው የሚታመነው ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ ሲነበብ ነው። ጤነኛ ዕቃ ተጥሎ አዲስ የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ስለሚዘነጋ ይመስለናል። የማሳውን ሽቦ መፍታት፣ መፋቅና መልሶ ማጥበቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ጀልባውን አል ዓይን አምጥቶ በተጎታች ላይ የሚያከርመው ደግሞ ከጨው ቢያመልጥም ከሙቀት አያመልጥም፤ ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል።

ዕቃ መለወጥ ግድ ከሆነ በሙሳፋም ሆነ በአል ዓይን ሰናኢያ የመኪና ዕቃ በየሱቁ ሞልቷል፤ ዋጋውም ያጓጓል። ነገር ግን ለጀልባ የተሠራው ዲስትሪቡተር፣ ሞተሪኖና ዲናሞ በውስጡ የሚፈጠረው ብልጭታ በውጭ ያለውን ትነት እንዳያቀጣጥል ተደርጎ የተሠራ ነው። የመኪናው እንዲህ አይደለም። በርካሽ ብላችሁ አትግጠሙት፤ ሌላውም ሲገጥም ካያችሁ ከልክሉት።

አልነሣ ያለውን ሞተር ደጋግሞ ማዞርም ይጎዳል። ሞተሪኖው ይግላል፤ የባሕር ውኃ ከጭሱ ጋር በሚወጣበት ሞተር ደግሞ ፓምፑ የሚገፋው ውኃ በጭስ ማውጫው ተጠራቅሞ ወደ ሲሊንደሩ ሊመለስ ይችላል። ጥቂት ጊዜ ሞክራችሁ ካልሆነ አቁማችሁ መርምሩ።

ሞተሩ በባሕር ላይ ሳላችሁ ዝም ቢል ግን ወደ ሽቦው አትሩጡ። መልሕቅ ጣሉ፤ ሁሉም የመንሳፈፊያ ሰደርያውን ይልበስ፤ አረጋውያንን ወደ ጥላ አስጠጉ፤ ውኃ አጠጧቸው። ከዚያም በሬዲዮ በቻናል 16፣ ወይም በስልክ ወደ ባሕር ጠረፍ ጥበቃ በ996 ያላችሁበትን ቦታና የሰዎቻችሁን ቁጥር አስታውቁ። የሞተሩ ክፍል የሚከፈተው ከዚህ በኋላ ነው።