የለጠፈው ያንሳልን!

«ስሜን ኢንተርኔት ላይ ስጽፈው የማልፈልገው ነገር ይወጣል። እንዴት ነው የማስጠፋው?» ይህ ጥያቄ በየብሎኩ የሚሰማ ሆኗል። ታሪኩን ለአንድ ድርጅት ተናግሮ ከነሙሉ ስሙ የወጣበት አለ። ልጇን ታቅፋ የተነሳችው ፎቶ ለእርዳታ ማሰባሰቢያ ወጥቶ ያገኘችው እናት አለች። ሥልጠና ገብቶ የፈረመበት የስም ዝርዝር ከነስልክ ቁጥሩ የተለጠፈበት አለ። በልጅነቱ ራሱ ፌስቡክ ላይ የጻፈው ዛሬ የሚያስጨንቀውም አለ። ጥያቄው የብዙዎች በመሆኑ በዚህ ዓምድ ልንነጋገርበት ወደድን።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ የቅንጦት ጉዳይ የሚመስለው ካለ ቆም ብሎ ያስብ። በአገሩ በሰላም ለሚኖር ሰው ስሙ መውጣቱ ብዙ ጊዜ ዕፍረት ቢሆን ነው። ለስደተኛ ግን ሌላ ነው። የሸሸነው ሰው አለ። እኛ በተናገርነው የሚጠየቅ ወላጅና ወንድም አገር ቤት ቀርቷል። ከጥቃት አምልጣ የመጣች እህት ስሟ፣ ፎቶዋና ያለችበት ካምፕ አንድ ላይ ከወጡ መደበቂያዋ ተገለጠ ማለት ነው። ድሮ ሰውን ለማፈላለግ ዘመድ አዝማድ ይጠየቅ፣ ደብዳቤ ይላክ ነበር። ዛሬ ግን ስም ጽፎ አንዴ መጫን ይበቃል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። እኛም ከሥሩ እንጀምር። ጎግልም ሆነ ቢንግ ስለ እኛ የወጣውን ጽሑፍ ራሳቸው አልጻፉትም። የእነርሱ ሥራ ሌሎች ያወጡትን እያነበቡ ማውጫ ማዘጋጀት ነው። ስም ሲጻፍላቸው «ይህ ስም እዚህና እዚያ አለ» ብለው ያመለክታሉ። ስለዚህ ስምን ከመፈለጊያው ማስወጣት ማለት ወደ ቤቱ የሚጠቁመውን ምልክት መንቀል እንጂ ቤቱን ማፍረስ አይደለም። የገጹን አድራሻ የያዘ ሰው በቀጥታ ይገባል፤ በሌላ መፈለጊያም ሊያገኘው ይችላል። ይህን ልዩነት ሳይረዱ መሯሯጥ ትርፉ ድካም ነው።

በዚህ ጉዳይ በዓለም የታወቀው ክርክር የተነሳው ከስፔን ነው። ማሪዮ ኮስቴሃ ጎንዛሌዝ የተባሉ ሰው የማኅበራዊ ዋስትና ዕዳ ነበረባቸውና ንብረታቸው ለሐራጅ መቅረቡን የሚገልጽ ማስታወቂያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 ላ ቫንጓርዲያ በተባለው ጋዜጣ ላይ ወጣ። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) ጉዳዩ ካለቀ ከዓመታት በኋላም ስማቸው ጎግል ላይ ሲጻፍ ያ ማስታወቂያ መውጣቱን አላቆመም። ሰውዬው በ2010 ለአገራቸው የመረጃ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አመለከቱ። ነገሩ እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰና ፍርድ ቤቱ ሜይ 13 ቀን 2014 ፈረደላቸው። ማንም ሰው በስሙ ሲፈለግ የሚወጣው ነገር ጊዜ ያለፈበት ወይም የማይመለከተው ከሆነ፣ ውጤቱ እንዲነሳለት በቀጥታ መፈለጊያውን መጠየቅ ይችላል ተባለ። በ2018 ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ሕግም መረጃን የማስሰረዝ መብትን በአንቀጽ 17 አጽንቶታል።

እዚህ ላይ ግን ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ ጋዜጣው ጽሑፉን እንዲያነሳ አልተገደደም፤ በሕግ የወጣ ማስታወቂያ ነውና። የተነሳው ጥቆማው ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ያው ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 2019 በሰጠው ሌላ ውሳኔ፣ የአውሮፓ ሕግ ጎግል ውጤቱን በመላው ዓለም እንዲያነሳ አያስገድደውም ብሏል። እንግዲህ በሪሴትልመንት ስዊድን ወይም ጀርመን የገቡ ዘመዶቻችን ይህንን መብት ቢጠቀሙበትም፣ እዚያ የተነሳው ውጤት ናይሮቢ ወይም አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ለሚፈልግ ሰው ሊታየው ይችላል። የሚያሰጋን ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚፈልገን ከዚሁ አካባቢ ሆኖ ነው።

እኛ እዚህ ያለነው ምንም የለንም ማለት ግን አይደለም። ጎግል የራሱ ደንብ አለው። በኤፕሪል 2022 ደንቡን አስፍቶ፣ ስልክ ቁጥራችን፣ የመኖሪያ አድራሻችን ወይም ኢሜይላችን በፍለጋ ሲወጣ እንዲነሳ መጠየቅ እንድንችል አድርጓል። የመታወቂያ ቁጥር፣ የባንክ ሂሳብ፣ የፊርማ ምስል፣ የሕክምና ማስረጃ፣ ያለ ፈቃድ የወጣ የእርቃን ምስልም ጥያቄ ይቀርብባቸዋል። ማመልከቻው በስልክ የሚሞላ ቅጽ ነው፤ ሳንቲም አይከፈልበትም። ይሁንና ለሕዝብ ይጠቅማል የሚለውን፣ ለምሳሌ የዜና ዘገባን፣ ላያነሳው ይችላል። «ስሜና ታሪኬ ተጽፏል» ማለት ብቻውን አይበቃውም። የብዙዎቻችን ችግር ደግሞ ይኸው ነው፤ ስም፣ ፎቶና ታሪክ።

አንዴ የወጣ ነገር እንዴት አልሰበሰብ እንደሚል ለማየት ወደ አውስትራሊያ እንሂድ። በፌብሩዋሪ 2014 የአገሪቱ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት አንድ የቁጥር ሪፖርት ኢንተርኔት ላይ ሲያወጣ፣ በሰነዱ ውስጥ በማቆያ የነበሩ ከ9,000 በላይ ጥገኝነት ጠያቂዎች ስም፣ የትውልድ ቀንና ዜግነት ተደብቆ አብሮ ወጣ። ሰነዱ ሳይነሳ ከሳምንት በላይ ቆየ። ከተነሳስ በኋላ? በመሃል ማን አወረደው፣ ማን ቀዳው የሚለው ጭንቀት በባለቤቶቹ ላይ ቀረ። የአገሪቱ የመረጃ ኮሚሽነር ጉዳታቸውን ላመለከቱ 1,297 ሰዎች ካሳ እንዲከፈል የወሰነው በጃንዋሪ 2021 ነው። አንድ ሳምንት ለወጣ ሰነድ ሰባት ዓመት ሙግት! የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም የሚባለው ለካ ለኢንተርኔትም ይሠራል።

ስለሆነም የእኛ አቋም ግልጽ ነው። ጥያቄያችን መጀመሪያ መቅረብ ያለበት ለለጠፈው አካል ነው፤ መፈለጊያው ቀጥሎ ይመጣል። የለጠፈው ካነሳው ጥቆማው መግቢያ ያጣል። ከተነሳ በኋላ መፈለጊያው አሮጌውን ጽሑፍ ለጥቂት ጊዜ ቢያሳይ እንኳ፣ ያረጀ ውጤት የሚታደስበት ሌላ ቅጽ አለ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ምንጩ፣ ቀጥሎ መፈለጊያው።

ይህንንም የምንጠይቀው በልመና ሳይሆን በመብት ነው። ካምፓችን ባለበት በኬንያ የ2010 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 31 የግል ሕይወት መብትን የሰጠው ለ«ማንኛውም ሰው» ነው፤ ለዜጋ ብቻ አላለም። የ2019 የመረጃ ጥበቃ ሕግ ደግሞ የሰጠነውን ፈቃድ በማንኛውም ጊዜ ማንሳት እንደምንችል ይናገራል። የማያስፈልግ፣ ከልክ ያለፈ ወይም ከሕግ ውጪ የተገኘ መረጃ እንዲሰረዝልን መጠየቅም እንችላለን። እምቢ ያለ ድርጅት ካለ ለአገሪቱ የመረጃ ኮሚሽነር ቢሮ አቤቱታ ይቀርባል፤ ሕጉ ምርመራው በ90 ቀን እንዲያልቅ ያዛል። ለጋዜጠኞች ሰፋ ያለ ነፃነት መሰጠቱንና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችም ልዩ ከለላ እንዳላቸው ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ዩኤንኤችሲአር የሚሠራው በራሱ ደንብ ነው። በ2015 ባወጣው የመረጃ ጥበቃ ፖሊሲም ስደተኛው መረጃው እንዲታረም ወይም እንዲሰረዝ የመጠየቅ መብት እንዳለው አስፍሯል። ወረቀቱ አለ ማለት ነው። የቀረው በተግባር ማየቱ ነው።

ስለዚህ በካምፑ ለሚሠሩ ድርጅቶች በሙሉ የምንለው አለን። ፎቶ ስታነሱን የፈቃድ ወረቀት ታስፈርሙናላችሁ። ወረቀቱ እናንተ ዘንድ ይቀራል፤ እኛ እጅ ላይ ምንም የለም። ከሦስት ዓመት በኋላ ሐሳቧን የቀየረች እናት ወዴት ትሂድ? ያነሳት ሰው ኮንትራቱ አልቆ ሄዷል፤ ቢሮው ስሙን ቀይሯል። በመሆኑም አንደኛ፣ ከፈቃድ ወረቀቱ ላይ ማንሳት ስንፈልግ የምንደውልበት ስልክ ያለበት ቅጂ ስጡን፤ ወረቀቱም በምናውቀው ቋንቋ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ሙሉ ስም፣ ፎቶና ብሎክ አንድ ላይ አታውጡ፤ ታሪኩ ያለ አባት ስምም ታሪክ ነው። ሦስተኛ፣ አንሱልን ስንል ምክንያት እየጠየቃችሁ አታመላልሱን። አራተኛ፣ የሥልጠናና የስብሰባ ስም ዝርዝሮችን ኢንተርኔት ላይ አትስቀሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እናንተ ግን መልቀቅ ትችላላችሁ።

«ንጹሕ ሰው ምን ያስደብቀዋል?» የሚሉ አሉ። ከዚህ ይልቅ ሚዛን የሚደፋ ሌላ ክርክርም ይነሳል፦ «ሁሉም ስሙን ካስጠፋ ያሰቃየን ሰውስ ስሙን ቢያስጠፋ?» ይህ እውነተኛ ሥጋት ነው። ከእኛ መካከል ምስክርነቱን አደባባይ የተናገረው አለ፤ ያ ቃል እንዲጠፋ አንፈልግም። ሥልጣን ላይ የነበረ ሰው የሠራው ግፍ ከመዝገብ መፋቅ የለበትም። የአውሮፓው ፍርድ ቤትም ቢሆን ሰውየው በሕዝብ ጉዳይ የነበረው ድርሻ እየታየ ይመዘን ነው ያለው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ የባለሥልጣን ሥራ የሕዝብ ነው፤ የአንዲት እናት ስልክ ቁጥርና ብሎክ ግን የሕዝብ አይደለም። ምስክርነት ይቆይ፤ የመስካሪው አድራሻ ይነሳ።

ድርጅቶችን ብቻ መውቀስም አይበቃም። ብዙውን የምንለጥፈው እኛው ነን። የሠርግና የለቅሶ ፎቶ ላይ የጎረቤትን ፊት ከነስሙ እናወጣለን። የራሽን ካርዳችንን ፎቶ፣ «ኬዜ አለፈ» የሚል ደብዳቤ ከነቁጥሩ እንለጥፋለን። ደስታን መካፈል ደግ ነው፤ ቁጥሩን ግን ማን ይፈልገዋል? ፌስቡክ ላይ ገጻችን በውጭ መፈለጊያዎች እንዳይጠቆም የምናደርግበት ማስተካከያ አለ፤ እሱን እንዝጋ። የሌላ ሰው ፎቶ ከመለጠፋችን በፊትም እንጠይቅ። አንሳልኝ ካለን ሳንከራከር እናንሳ። ድርጅትን የምንጠይቀውን ለጎረቤታችንም እናድርግ።

ስሙን ፈልጎ ለማጣራት ለሚነሳ ሁሉ አንድ ምክር እንጨምር። የእኛ ስም በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት አጻጻፍ የለውም። በፊደላችንም ቢሆን ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ እየተባለ ይጻፋል። ስለዚህ በመታወቂያችን ላይ ባለው ብቻ ሳይሆን በሚቻለው አጻጻፍ ሁሉ እንፈልግ፤ የአባት ስም ጨምረንም፣ ትተንም። የተገኘው ሁሉ ደግሞ የእኛ ላይሆን ይችላል፤ ሞክሼ ብዙ ነውና በሌላ ሰው ታሪክ እንዳንደነግጥ።

በመጨረሻም ሁለት ማስጠንቀቂያ። «ስምህን ከኢንተርኔት ላይ ሙልጭ አድርጌ አጠፋልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ አትስጡት። ቅጹ ነፃ ነው፤ ሙልጭ አድርጎ የሚያጠፋም የለም። የመታወቂያችሁን ወይም የስደተኛ ወረቀታችሁን ፎቶ ለማይታወቅ ሰው መላክ ደግሞ አንዱን ቀዳዳ ልድፈን ሲሉ ሌላ መክፈት ነው። ሁለተኛው፣ ኢንተርኔት ላይ የወጣው ዛቻ ወይም ማስፈራሪያ ከሆነ ከማስጠፋታችሁ በፊት የስክሪኑን ፎቶ አንሱ፤ አድራሻውንና ቀኑንም ጻፉ። ያንን ይዛችሁ ወደ ፕሮቴክሽን ቢሮ ሂዱ። ማስረጃ ሳይያዝ ከጠፋ በኋላ ማን ያምናል?

ብዙዎቻችን ከአገራችን ስንወጣ ይዘን የወጣነው ስማችንን ነው። ስማችንን ለማን፣ መቼና የት እንደምንሰጥ የመወሰኑ ሥልጣን የእኛ መሆን አለበት። ትናንት እሺ ያለ ሰው ዛሬ እምቢ የማለት መብት አለው። ይህ ገጽም ቢሆን ከዚህ ግዴታ ውጪ አይደለም፤ ስሜ ይውጣልኝ የሚል አንባቢ ካለ በራችን ክፍት ነው። ከድርጅቶቹም የምንጠብቀው ይህንኑ ነው። የለጠፈው ያንሳልን!