አከራዩም ተከራይ ነው

ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ያለ መሬት አከራይቶ መክበር ይቻላል? አዎ፣ ተችሏል። ሊንደን ላብ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 ሰከንድ ላይፍ የሚባል ምናባዊ ዓለም ከፈተ። በዚያ ዓለም አንሺ ቹንግ የምትባለው አይሊን ግሬፍ 10 ዶላር በማይሞላ ገንዘብ ጀምራ፣ መሬት በጅምላ እየገዛች፣ አሳምራና ሸንሽና ሸጠችው፤ አከራየችው። በ2006 ሀብቴ ከ1 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ደርሷል አለች። ልብ በሉ! የሀብቱ ዋና ክፍል እዚያው ያለ መሬት ነበር።

እና ተኝቶ መብላት ነው? ኧረ የለም! መሬቱ ያለው ኩባንያው በሚያስተዳድረው ሰርቨር ላይ ነው። አከራዩ በየወሩ ለኩባንያው ይከፍላል፤ ተከራይ መጣም ቀረም ወሩ አይቀርም። ትርፉ ልዩነቷ ብቻ ናት። በዚያ ላይ ኩባንያው ሲያሻው አዲስ መሬት ይፈጥራል። የእውነቱ መሬት እንኳ እንዲህ አይራባም።

የባሰም አለ። በ2006 ኩባንያው ማርክ ብራግ የተባለ አሜሪካዊ ጠበቃ መሬት የገዛው በጨረታው ቀዳዳ ሾልኮ ነው ብሎ አካውንቱን ዘጋበት። ሰውየው ከሰሰ። በ2007 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ በግልግል ዳኝነት ይታይልኝ የሚለውን የኩባንያውን ጥያቄ ውድቅ አደረገ፤ በዚያው ዓመት ተስማሙ። «መሬቱ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን ሳይፈረድበት ቀረ።

ለእኔ ይህ ሥራ ነው፤ ላብ አለው፣ ደንበኛ አለው። ርስት ግን አይደለም። ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ያለ ቤት የሚያከራይ ሰው፣ ኪራዩን በወቅቱ ወደ እውነተኛ ገንዘብ ቢለውጥ ይሻለዋል።