ቦታው ብቻ ሳይሆን ቤቱም

አዲስ አበባ ውስጥ በ1950ዎቹ የተሠራ ቪላ ሲሸጥ ደላላው ቤቱን አያስጎበኝም። ገዢውን በር ላይ አቁሞ የቦታውን ስፋት፣ የካርታውን ሁኔታ፣ መንገዱ መኪና ማስገባቱን ይነግረዋል። ስለ ክፍሎቹ የሚወራው ገዢው ከጠየቀ ነው፤ ብዙ ጊዜም አይጠይቅም፣ ሊያፈርሰው ነው የመጣው። በሕግ ሲታይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ውሉ ላይ የሚሸጠው ቤቱ ነው። የሚከፈለው ገንዘብ ግን ከሞላ ጎደል የቦታው ነው። ጤነኛ ቤት እንደ ፍርስራሽ የሚቆጠረው በዚህ ስሌት ነው፤ እኔ ስሌቱን አልቀበለውም።

የማወራው በቅርስነት ስለተመዘገበ ሕንፃ አይደለም። በኦልድ ኤርፖርት፣ በቦሌ፣ በቀበና ውስጥ ለውስጥ መንገዶች፣ ከአጥር ጀርባ ስለቀሩት ተራ ቪላዎች ነው። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ካየን በኋላ የቀሩት ይበልጥ ሊያሳስቡን ይገባል። እነዚህ ቤቶች ለአዲስ አበባ አየር የተሠሩ ናቸው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ቀን ፀሐይ፣ ማታ ብርድ ናት። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ለቤቱ ይመልሳል። ወጣ ያለው የጣሪያ ክፈፍ የክረምቱን ዝናብ ከመስኮቱ ያርቃል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ዘንበል ስትል ደግሞ በዚያው ክፈፍ ሥር ገብታ ሳሎኑን ታሞቃለች። ዙሪያውን መስታወት በለበሰ አዲስ ሕንፃ ውስጥ የሚሠራ ሰው ከቀትር በኋላ መጋረጃ ዘግቶ መብራት ማብራት ምን እንደሆነ ያውቀዋል።

የአክስቴ ቤት የዚያ ዘመን ነው። ሳሎኑ ለረጅም ዓመታት በፕላስቲክ ምንጣፍ ተሸፍኖ ኖሯል፤ ከሥሩ ምን እንዳለ ከእሳቸው በቀር የሚያስታውስ አልነበረም። ዕድሳቱ ሲታሰብ ዋጋ ያቀረበው ኮንትራክተር ወለሉን ሁሉ ነቅሎ ሴራሚክ ሊያነጥፍ ነበር። አክስቴ እምቢ አሉ። ምንጣፉ ተነሣ፣ የደረቀው ማጣበቂያ ተፋቀ፣ ከሥሩ ጥቁርና ነጭ የእብነ በረድ ጠጠር የተበተነበት ቴራዞ ወጣ። አንድ በዕድሜ የገፉ ሠራተኛ ማሽናቸውን ይዘው መጡ። ውኃ እያፈሰሱ በሻካራው ጀምረው ወደ ልስልሱ እየቀየሩ ሲፈጩት ወለሉ ላይ ግራጫ ጭቃ ይንሳፈፋል፤ ጭቃው ሲጠረግ ጠጠሩ አንድ በአንድ ብቅ ይላል። ጥግ ላይ ቧንቧ ለማሳለፍ ተሰብሮ በተራ ሲሚንቶ የተደፈነ ቦታ ነበር። ያንን ፈልፍለው አወጡና ነጭ ሲሚንቶ ከጥቂት ቀለምና ከእብነ በረድ ጠጠር ጋር ለወሱ፤ ናሙናውን ፀሐይ ላይ አድርቀው ከወለሉ ጋር ሳያስተያዩ አልሞሉትም። ሲጨርሱ «እትዬ፣ ይኼ ወለል እኔንም ልጆቼንም ይቀብራል» አሏቸው። የተከፈላቸው ለሴራሚኩ ከተጠየቀው ያነሰ ነበር።

መስኮቶቹም እንዲሁ ተረፉ። ቀጫጭኑ የብረት መስኮት ዝገቱ ተፍቆ፣ የተበላው ጫፍ ተበይዶ፣ አንቲራስት ተቀብቶ፣ መስታወቱ በአዲስ ስቱኮ ሲያዝ እንደገና ይዘጋል። በወፍራም አሉሚኒየም የሚተኩት ሰዎች የቤቱን መልክ አብረው እንደሚጥሉ ልብ አይሉትም።

ወጪውን ግን አልሸፋፍንም፤ ከባድ ነው። ቤቶቹ ሲሠሩ የኤሌክትሪክ መስመሩ የተዘረጋው ለጥቂት አምፖል፣ ለራዲዮና ለካውያ ነበር። ዛሬ በዚያው ሽቦ ላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ቦይለርና ልብስ ማጠቢያ ተጭኖበታል። የሽቦው ልባስ ደርቆ ይፈረፈራል፣ የመሬት መስመር የለውም፣ ቫልቮላው በተቃጠለ ቁጥር አንዱ ወፍራም ሽቦ ጠምዝዞበት ይሄዳል። ይህ ቤት የሚያቃጥል ነገር ስለሆነ መጠጋገን አይበጀውም፤ ከቆጣሪው ጀምሮ መቀየር አለበት። የብረት ቧንቧው ውስጡ ዝጎ የእርሳስ ያህል ቀዳዳ ነው የሚቀረው። ከሁሉ የባሰው ጣሪያው ነው። አሸንዳው በቅጠል ሲደፈን ውኃው ወደ ኋላ ይመለስና ሙራሌውን ያረጥበዋል፤ ከዓመታት በኋላ ካፕሪያታው ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይከተላል። ከታች የሚታየው ኮርኒሱ ላይ የሻይ ቀለም ያለው ክብ እድፍ ብቻ ነው። ጣሪያው የቆየ ኢተርኒት ከሆነ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላልና በመጋዝ መቁረጥም ሆነ መሰባበር አይገባም፤ አቧራው ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚያስከትለው በሽታ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚወጣ ነው። አፍና አፍንጫውን በሻሽ ብቻ ሸፍኖ እንዲህ ያለ ጣሪያ የሚያፈርስ የቀን ሠራተኛ ማየት ያመኛል።

ገንዘቡን የሚበላው እንግዲህ ይህ የማይታይ ሥራ ነው። እንግዳ ወለሉንና ቀለሙን አይቶ ያመሰግናል፤ ሂሳቡ ያለው ግን ከኮርኒሱ በላይና ከልስኑ ሥር ነው። ኮርኒሱን ሳይከፍት ዋጋ የሚሰጥ ባለሙያ ቢመጣልዎ አይቀበሉት። ከተስማሙበት ዋጋ ላይም ቢያንስ ሃያ በመቶ ለብቻው ያስቀምጡ፤ ግድግዳው ሲከፈት የሚጠይቀው አያጣም።

ስለ ስንጥቅም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ በተለይ ታኅሣሥ 2017 የአዋሽ ፈንታሌ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን ካነቃነቃት ወዲህ። ልስኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አያስፈራም። ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ፣ ክረምት ጠበብ፣ በጋ ሰፋ የሚል ስንጥቅ ግን ከመሠረቱ የመጣ ነው። በቦሌና በደቡቡ የከተማው ክፍል አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል። የስንጥቁን ሁለት ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርገው ቀኑን አጠገቡ ይጻፉ፤ ከቀጣዩ ክረምት በኋላ ምልክቱን ካለፈ መሐንዲስ ይጥሩ። ብዙ ጊዜ ግን መፍትሔው የጣሪያውን ውኃ ከመሠረቱ ማራቅ ነው።

የአፍሪካ አዳራሽ የእነዚህ ቪላዎች እኩያ ነው። አርቱሮ ሜዜዲሚ ነድፎት በ1953 ተመረቀ፣ ግንቦት 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተበት። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 57 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መድቦ አሳድሶ ጥቅምት 2017 መልሶ ከፈተው። የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል እዚያው ነው፣ ሕንፃው ግን መንቀጥቀጥ እንዲቋቋም ከውስጥ ተጠናክሯል። ለቪላ ያን ያህል ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። አካሄዱን መከተል ግን ይቻላል፦ የሚታየውን መጠበቅ፣ የማይታየውን ማጠናከር።

ቪላዎቹ እዚህ ሁኔታ ላይ የደረሱት በዕድሜ ብቻ አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ወረሰ፤ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ የሚበልጡት ለኪራይ ቤቶች ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ተከራዩ «የእኔ አይደለም»፣ ቀበሌው «በጀት የለኝም» ሲባባሉ አሸንዳ የሚጠርግ ጠፋ። በባለቤቱ እጅ የቀረውም ቢሆን ወላጅ ሲያልፍ ፈተና ይገጥመዋል። አንዱ ልጅ እዚሁ፣ ሁለቱ ቨርጂኒያ፣ አንዷ ዱባይ ይሆኑና ድርሻ ይጠየቃል። ቤት ለአራት አይቆረጥም፤ ይሸጣል፣ ይፈርሳል። ይህ የማልፈርድበት ነገር ነው፤ የእያንዳንዱ ቤተሰብ ችግር የራሱ ነው። ሆኖም ለመሸጥ ከመወሰናችሁ በፊት ቤቱ ታድሶ ቢከራይ ለአራታችሁ ምን ያስገባል ብላችሁ አንድ ጊዜ አስሉ። ይህን ሂሳብ የሚሠራ ቤተሰብ ብዙም አላየሁም።

ከተማ አስተዳደሩንም የምጠይቀው አለኝ። የጣራና ግድግዳ ግብር ስሌት በ2015 ተከልሶ ከፍ ብሏል። አሮጌ ቪላውን ሳያፈርስ ላደሰ ባለቤት ይህ ግብር ለጥቂት ዓመታት ቢቀነስለት፣ ለመስኮትና ለጣሪያ ጥገና የሚጠየቀው የዕድሳት ፈቃድም ቢቀልለት ከተማው የሚያጣው ትንሽ ነው። ከ1967 በፊት የተሠሩት ቪላዎችም በየወረዳው ይመዝገቡ፤ ያልተመዘገበ ቤት ሲፈርስ እንኳ አይታወቅም።

አንባቢዬ፣ እንዲህ ያለ ቤት ካለዎት ቀለም ከመምረጥዎ በፊት ጣሪያውን ያስመርምሩ። ሰኔ ሳይገባ መሰላል ያስጠጉና አሸንዳውን ያስጠርጉ።