ዛሕን የሚለው ቃል ሥራ ላይ ይዋል

ሰው ዘወትር የሚያየውን ነገር በየዓይነቱ ለይቶ ይጠራል። የደጋው ገበሬ ኑሮው በዝናም ስለሆነ ካፊያውን፣ ዶፉንና ወጨፎውን አያምታታም። ነፋስ ያጣ ባሕር ግን በዛሬው አማርኛ የራሱ ስም የለውም፤ «ጸጥ ያለ ባሕር» እየተባለ በሐረግ ይገለጻል።

ይህ ጉድለት ጎልቶ የሚታየው ከባሕር አጠገብ ለሚኖሩት ነው። በኤደን ባሕረ ሰላጤ ነፋሱ በበጋ ከምሥራቅ፣ በክረምት ከደቡብ ምዕራብ ይመጣል። ሁለቱ በሚለዋወጡበት ጊዜ፣ በግንቦትና በመስከረም ገደማ፣ ነፋሱ ይደክማል፤ ባሕሩም እንደ መስተዋት ይተኛል። በጅቡቲ ከተማ፣ በካርቲየ 2 የሚያድግ አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ይህን በትምህርት ቤት ፈረንሳይኛው «ካልም ፕላ» ብሎ ይጠራዋል። በአማርኛ ምን እንደሚባል ወላጆቹን ቢጠይቅ ግን መልሱ ይቸግራቸዋል።

መልሱ ያለው በግዕዝ ነው፤ ዛሕን ይባላል። ክርስቶስ ማዕበሉን ከገሠጸ በኋላ የሆነው ጸጥታ በግዕዙ ወንጌል የተጠራው በዚህ ቃል ነው። ወንጌሉ በተተረጐመበት በአክሱም ዘመን አዱሊስ የታወቀች ወደብ ነበረች፤ በ6ኛው መቶ ዓመትም ዐፄ ካሌብ ባሕር ተሻግረው ወደ ሒምያር ዘምተዋል። ባሕርን የሚያውቅ ሕዝብ የባሕር ቃል ነበረው። በኋላ ግን ቃላቱም ከተናጋሪዎቹ ጋር ከባሕር የራቁ ይመስላል። በግዕዝ የባሕር ዳርቻ ማለት የነበረው «ሐይቅ» እንኳ በአማርኛ በየብስ የተከበበ ውሃ መጠሪያ ሆኗል።

«ጸጥታ» ወይም «ሰላም» ዛሕንን አይተካውም። ዛሕን ከማዕበል በኋላ ሲመጣ ዕረፍት ነው፤ በባሕር መካከል ሲረዝም ግን ባለ ሸራውን መርከብ አስሮ ስንቅና ውሃ ያስጨርሳል።

አንዳንዶች «መርከብ ዛሬ በሞተር ይሄዳል፤ አገሪቱም የባሕር በር የላትም፤ ቃሉ ምን ያደርጋል?» ይሉ ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ኤርትራ ነጻ መንግሥት ከሆነችበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮጵያ የራሷ ወደብ የላትም። ይሁን እንጂ አብዛኛው የውጭ ንግዷ በጅቡቲ በኩል ያልፋል፤ ልጆቿም በልዩ ልዩ አገሮች መርከቦች ላይ ይሠራሉ። ከዚህም በላይ የባሕር ቃል በባሕር ላይ ብቻ አይቀርም። እንግሊዞች ነፋስ አልባውን የምድር ወገብ ባሕር የሚጠሩበትን «ዶልድረምስ» የተባለውን ቃል ለተቀዛቀዘ ገበያም ይጠቀሙበታል። ዛሕንም እንዲሁ ማገልገል ይችላል።

መዝገበ ቃላት ቃልን ያስቀምጣል እንጂ አይናገረውም። ቃል የሚኖረው በተናጋሪው አፍ ነው። ስለዚህ ዛሕን በመማሪያ መጻሕፍት ቢገባና ተማሪዎች በድርሰቶቻቸው ቢጽፉት፣ የካርቲየ 2 ልጅ ከደጁ ያለውን ባሕር በወላጆቹ ቋንቋ ሊጠራው ይችላል።