ዓሣን መብላት በብልሃት

አበው «ዓሣን መብላት በብልሃት» ሲሉ ስለ እሾኹ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከአዲስ ከተማ ወደ አሞራ ገደል በወረድሁ ቁጥር «ሐይቁ ሞልቶ ዓሣ ምን ያልቃል?» የሚል ሙግት ይጠብቀኛል። አልስማማም! እናት ቆሮሶ እንቁላሎቿን በአፏ ይዛ፣ ከመብል ተቆጥባ፣ ጫጩቶቿ ራሳቸውን እስኪችሉ ትጠብቃለች። በመራቢያዋ ወራት የሐይቁን ዳር በጠባብ ዓይን መረብ መጥረግ አንድ ዓሣ ሳይሆን አንድ ትውልድ ማውጣት ነው። ሕግ አልጠፋም፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ታዲያ ጥፋቱን ሁሉ ልጆቹን ሊያበላ በሚደክም አስጋሪ ጫንቃ ላይ መጫን ፍርድ ነውን? መዳፍ የማትሞላውን ዓሣ አስጠብሰን የምንበላ እኛ አይደለንምን? ገዢ ያጣ መረብ ዓይኑን ያሰፋል። ብልሃቱ ከእሾኹ በፊት ከምርጫችን ይጀምራል።