ሳጥኑ ውስጥ የሌለው ቮልት

መርካቶ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ ከሚሸጥባቸው ሱቆች ወደ አንዱ ገብቶ ለቤት የሚሆን የቻርጅ ድሪል የሚጠይቅ ሰው በመጀመሪያ የሚነገረው ቁጥር ነው። «ይሄ 48 ነው። ይሄኛው 88። ጠንካራ ከፈለግህ ግን ይሄን ውሰድ፣ 128 ነው።» ዋጋው ከቁጥሩ ጋር አብሮ ይወጣል። በቴሌግራም የሚሸጡትም ከፎቶው ሥር ጎላ አድርገው የሚጽፉት ይህንኑ ነው። ገዢውም አመስግኖ፣ ያለውን ብር ቆጥሮ፣ አቅሙ የፈቀደለትን ትልቁን ቁጥር ይዞ ይወጣል። ቮልቱ በጨመረ ቁጥር ድሪሉ ይበረታል የሚለው እምነት ከሻጭም ከገዢም አፍ አይጠፋም። እምነቱ ስሕተት ነው። ሳጥኑ ላይ የታተመው ቁጥር ግን ከስሕተት ያለፈ ነው፤ ውሸት ነው።

ባትሪውን ፈትተን እንየው። ብሎኖቹ በካቻቢቴ ሲወጡ ፕላስቲኩ ለሁለት ይከፈላል። ውስጡ የጣት ባትሪ የሚመስሉ፣ ግን ወፈርና ረዘም ያሉ ሴሎች ጎን ለጎን ተደርድረው፣ ጫፍና ጫፋቸው በስስ ብረት ተያይዞ ይታያል። ዳር ላይ አንዲት ትንሽ ሰርኪት ቦርድ አለች። የአንዱ ሴል ውፍረት 18 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር ነው፤ 18650 የሚባለውም ከዚሁ ልኬት ተነሥቶ ነው። የሊቲየም አዮን ሴል በአማካይ 3.6 ቮልት ይሰጣል፤ ጥግ ድረስ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል። ከዚያ በላይ ከተጫነ ይጎዳል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል። ይህ የኬሚስትሪ ጉዳይ ስለሆነ የትኛውም ፋብሪካ በማስታወቂያ ሊያሳድገው አይችልም። አምስት ሴሎች በተከታታይ ሲያያዙ 18 ቮልት ይሆናሉ፤ ሙሉ ቻርጅ ላይ 21። 48 የተጻፈበትም፣ 88 የተጻፈበትም፣ 128 የተጻፈበትም ሲፈታ የሚገኘው በአብዛኛው ይኸው ነው። ሴሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው አሥር ቢደርሱ እንኳ ቮልቱ ያው ነው፤ የሚጨምረው ሥራ ላይ የሚቆዩበት ጊዜ ነው።

መፍታት የማይፈልግ ሰው በስሌት ሊደርስበት ይችላል። እውነተኛ 128 ቮልት ለማግኘት 35 ያህል ሴሎች በተከታታይ መያያዝ አለባቸው። አንዱ ሴል ወደ 45 ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ ሴሎቹ ብቻ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ይሆናሉ። ከአምስት ሴል የተሠራው ባትሪ ግን ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ሌላም አለ። 128 ቮልትና 6 አምፒር ሰዓት ብሎ የተጻፈበት ባትሪ ቃሉ እውነት ከሆነ 768 ዋት ሰዓት ኃይል ይዟል ማለት ነው። ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ ደግሞ በመንገደኛ አውሮፕላን ላይ መንገደኛ ይዞት እንዲገባ አይፈቀድም። ያንን ሳጥን በሻንጣው የሚያመጣ ነጋዴ ባትሪው የተባለውን ያህል አለመሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል።

ከቁጥሩ ኋላ «ቪኤፍ» የሚሉ ሁለት ፊደላት የሚከተሉበትም ብዙ ነው። ቮልት በአንዲት ፊደል ይጻፋል፤ «ቪኤፍ» የሚባል የኤሌክትሪክ መለኪያ የለም። ያቺ ትርፍ ፊደል የተጨመረችው ጠያቂ ሲመጣ «እኛ ቮልት አላልንም» ለማለት ካልሆነ ሌላ ምክንያት አይታየኝም።

ሁሉም ቁጥር እኩል ውሸት ነው ማለቴ ግን አይደለም። ዲዋልት አሜሪካ ውስጥ «20 ቮልት ማክስ» ብሎ የሚሸጠው መሣሪያ አውሮፓ ውስጥ 18 ቮልት ተብሎ ይሸጣል። ሁለቱም ያው አምስት ሴል ናቸው፤ አንዱ የተነሣው ሴሉ ገና ከቻርጀር ሲወርድ ካለው ልክ ነው፣ ሌላው ከአማካዩ። 12 እና 10.8 የሚባሉትም እንዲሁ ሦስት ሴል ናቸው። 20 ወይም 21 ያለ ሻጭ ቢያንስ ሙሉ ባትሪ ላይ ቴስተር ሲደረግ የሚታይ ነገር ተናግሯል። 88 ያለው ግን በየትኛውም ቴስተር፣ በየትኛውም ሰዓት የማይታይ ነገር ነው የሸጠው።

ይህን ያህል የምቆጣው አምስት ሴል ደካማ ስለሆነ አይደለም። በደንብ የተሠራ 18 ቮልት ለአንድ ቤት ከበቂ በላይ ነው። የሚያስቆጣኝ ትልቁ ቁጥር ሊጠየቅ የሚገባውን ጥያቄ ሁሉ አፍኖ መያዙ ነው። የባትሪ ድሪል ጉልበት የሚመጣው ሴሉ በአንድ ጊዜ ከሚለቀው የኤሌክትሪክ መጠን ነው። ለመሣሪያ ተብሎ የተሠራ ሴል 20 አምፒርና ከዚያ በላይ ሳይንገዳገድ ይለቃል። ለላፕቶፕ ወይም ለፓወር ባንክ የተሠራው የዚያን ግማሽ እንኳ ሲጠየቅ ይግላል፣ ቮልቱም ቁልቁል ይወርዳል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አይለዩም። ልዩነቱ የሚታወቀው ቤት ገብቶ፣ ባትሪው «ሙሉ ነኝ» የሚል አረንጓዴ መብራት እያሳየ ፑንታው ጠንካራ ነገር ሲነካ ቀጥ ሲል ነው። ሳጥኑ ላይ ያለው አምፒር ሰዓትም ቢሆን መመርመር አለበት። ምርጥ የሚባለው የ18650 ሴል የሚይዘው ወደ 3.5 አምፒር ሰዓት ነው። እንግዲህ አምስት ሴል ብቻ ያለበት ቀጭን ባትሪ 6 አምፒር ሰዓት ሊሆን አይችልም። እውነተኛው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከ1.5 እስከ 2 ነው፤ ለቤትም ይበቃል። ምነው ታዲያ እንደዚያው ተብሎ ቢጻፍ?

ከዚህ ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት ድሪሉ የሚገጥመው ግድግዳ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ይህን የሚያነሣ ሰው ብርቅ ነው። ብዙው የከተማ ቤታችን፣ ኮንዶሚኒየሙም ጭምር፣ ኮለኑና ወለሉ አርማታ ሆኖ መሐሉ በብሎኬት የተሞላ ነው። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፤ ከልስኑ ኋላ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከተበሳ በኋላ ፑንታው ባዶ ቦታ ይገባል። እዚህ ላይ ድሪሉን «ሃመር» ላይ አድርጎ መግፋት ቀዳዳውን ከውስጥ ያፈራርሰዋል፤ ፊሸሩም ይዞ አይቆምም። መዶሻውን አጥፍቶ በቀስታ ማዞር ይበቃል፤ ተራ የ18 ቮልት ድሪልም ያለ ችግር ይሠራዋል። ችግሩ የሚመጣው መጋረጃ ሲሰቀል ነው። የመጋረጃ ዘንግ የሚታሰረው ከመስኮቱ በላይ ሲሆን፣ ከመስኮቱ በላይ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ አርማታ ነው፤ ውስጡ ጠጠርም ብረትም አለ። አዲስ ቤት የገባ ሰው ድሪሉን መጀመሪያ የሚያነሣው ለመጋረጃ ነውና፣ ያ 128 የተባለው መሣሪያ የመጀመሪያ ፈተናውን የሚወድቀው እዚያው ነው። ልስኑን በሰከንድ ያልፋል፤ ከዚያ ይንጫጫል፣ የፑንታው ጫፍ ይቀላል፣ ቀዳዳው ግን አንዲት ሚሊ ሜትር አይጨምርም። ሰውየውም «ለካ 168 ነበር መግዛት የነበረብኝ» ይላል።

በቻርጅ ድሪል ላይ ያለው «ሃመር» ሁለት ጥርስ ያላቸው ክብ ብረቶች እርስ በርስ እየተንሸራተቱ የሚፈጥሩት ንዝረት ነው፤ ኃይሉም የሚመጣው ገፊው ሰው ከሚጥለው ክብደት ነው። አርማታ የሚበሳው ሮታሪ ሃመር ግን አየር አምቆ መቺውን የሚወረውር ፒስተን አለው፤ ፑንታውን ከኋላ የሚመታው ማሽኑ ራሱ ነው። የሁለቱ ልዩነት የአሠራር እንጂ የቮልት አይደለም። ስለዚህ ለአርማታ አንድ ቀን ሮታሪ መከራየት ወይም ባለሙያ መጥራት፣ ለአርማታ ሲባል ባለትልቅ ቁጥር የቻርጅ ድሪል ከመግዛት በብዙ ይረክሳል።

እዚህ ላይ «ለቤት ነው እኮ፣ በዓመት ሁለቴ ነው የምጠቀምበት፣ ምን አስጨነቀኝ» የሚል አለ። ይህ አስተሳሰብ ደግሞ ቁጥሩን ከማመን የባሰ ጥፋት የሚያደርስ ይመስለኛል። የሊቲየም ባትሪ ባዶውን ሲቀመጥ ቀስ በቀስ ራሱን እየጨረሰ ይሄዳል። ሴሉ ከ2.5 ቮልት ገደማ በታች ከወረደ ውስጡ ይጎዳል፤ መከላከያ ቦርድ ያለው ባትሪም ቻርጅ ላለመቀበል ይዘጋል። በዓመት ሁለቴ የሚጠቀም ሰው ሥራውን ጨርሶ፣ ባትሪውን አሟጦ፣ ቁም ሣጥን ላይ ይወረውረዋል። በዓመቱ ሲያወርደው ሞቷል። የዚያ ሰው ትክክለኛ ዕቃ ባለገመድ ድሪል ነበር። ባለገመዱ ከተመሳሳዩ የቻርጅ ድሪል ብዙ ጊዜ በዋጋ ያንሳል፣ ጉልበቱ ከሶኬት ስለሚመጣ አይደክምም፣ አምስት ዓመት ተቀምጦም ሲሰካ ይነሣል። የሚጠፋው መብራት ነው ቢባል እውነት ነው፤ ግን መጋረጃ መስቀል ለነገ የማይተላለፍ ሥራ አይደለም። የቻርጅ ድሪል የሚያዋጣው ብሎን ማሰርና መፍታት ለሚበዛበት፣ አልጋና ቁም ሣጥን ለሚገጣጥም፣ ጣሪያ ላይ ወይም ሶኬት የሌለበት ግቢ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ነው። እሱም ቢሆን ባትሪውን ግማሽ ያህል ሞልቶ ማስቀመጥና በየጥቂት ወሩ ማየት አለበት። ሳይጠብቁት ሌሊቱን ሙሉ መኝታ ቤት ውስጥ ቻርጅ ላይ መተው ፈጽሞ አይገባም፤ ርካሹ ቻርጀር ሴሎቹን አንድ በአንድ አይቆጣጠርምና።

ከውጭ የሚያስመጡም አሉ። ወንድም ወይም አክስት ከአሜሪካ ሲመጡ የታወቀ ስም ያለው ድሪል አምጡልኝ ማለት ከመርካቶው ጥርጣሬ መዳኛ ይመስላል። መሣሪያው ጥሩ ነው፤ ቻርጀሩ ግን አሜሪካ ለሚሠራበት 120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። የቻርጀሩ ጀርባ ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ጽሑፍ ከሌለ፣ ባትሪውን የሚቀበል የ220 ቻርጀር አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱን ሳያረጋግጡ ማስመጣት ገንዘብ ማባከን ነው።

ከሱቅ ሳይወጡ የሚታዩ ጥቂት ነገሮች አሉ። ቴስተር አስመጡ፤ ሙሉ ባትሪ በተከታታይ አምስት ሴል ካለው 21 ገደማ ያነባል። ድሪሉን አስነሡና ፑንታ የሚይዘውን አፍ እዩት፤ ፑንታው እየዞረ ጫፉ የሚዋልል ከሆነ ተዉት። «ብራሽለስ»፣ ማለትም ካርቦን የሌለው ሞተር፣ ተብሎ ዋጋ የተጨመረበት ከሆነ በአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ተመልከቱ፤ ሲዞር ሰማያዊ ብልጭታ ካለ ካርቦን ያለው ሞተር ነው። ያ በራሱ ነውር አይደለም፣ ለቤት ካርቦን ያለውም ይበቃል፤ ነውሩ ያልሆነውን ነው ብሎ ማስከፈሉ ነው። ትርፍ ባትሪ ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ ጠይቁ። የማይሸጥ ከሆነ ባትሪው የሞተ ዕለት ድሪሉም አብሮ ሞተ። ሳጥኑ ውስጥ በተደረደሩት ፑንታዎች አትማረኩ፤ አንድ ጥሩ ባለ 6 እና አንድ ጥሩ ባለ 8 የግድግዳ ፑንታ ለብቻ መግዛት ይሻላል።

ነጋዴው «እኔ አላተምኩትም፣ እንደመጣ ነው የምሸጠው» ይላል። ሚዛን የሚያጎድል ባለሥጋ ቤት ሚዛኑን እኔ አልሠራሁትም ቢል ማን ይሰማዋል? ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ተወድዷል። ለአንድ መሣሪያ ከደመወዙ ብዙ እጅ የሚያወጣ ሰው የሌለ ቮልት ሊሸጥለት አይገባም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል፤ ጉድለት የተገኘበትን ዕቃም በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ለመጠየቅ ይፈቅድለታል። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የሚጠበቅበት ከባድ አይደለም፦ ማንኛውም የባትሪ መሣሪያ እውነተኛ ቮልቱ፣ አምፒር ሰዓቱና ዋት ሰዓቱ ሳይጻፍበት እንዳይሸጥ ማድረግ። ከአንድ ሳጥን ላይ አንድ ባትሪ ፈትቶ አምስት ሴል መቁጠር ላቦራቶሪ አይጠይቅም።

እስከዚያው ገዢው በእጁ ያለውን ይጠቀም። ሻጩ 128 ቮልት ነው ካለ፣ ደረሰኙ ላይ «128 ቮልት» ብሎ እንዲጽፍ ጠይቁት። ከጻፈ በ15 ቀኑ ውስጥ ቴስተርና ደረሰኝ ይዛችሁ ተመለሱ። አልጽፍም ካለ አትግዙ።